እንዝርትና ጓሮ፦ የእናቶቻችን የቤት ሙያ ከሐረር እስከ ሐርጌሳ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ሌሎች ገጾች ላይ የማኅበራችን አመሠራረት፣ በየጊዜው የተመረጡት የሥራ አመራር አባላት፣ የዕድሩና የልጆች ትምህርት ጉዳይ በየተራቸው ቀርበዋል። የድሮ የአባልነት ቅጾችን ላገላበጠ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። «ሥራ» ከሚለው መስመር ትይዩ ለአባቶች ሹፌር፣ ግንበኛ፣ መምህር፣ ነጋዴ ተብሎ ሲሞላ፣ ለብዙዎቹ እናቶች የተጻፈው «የቤት እመቤት» የሚል ብቻ ነው። አንዳንዱ ቅጽ ላይማ ያለው ሰረዝ ነው። ይህች ጽሑፍ ያ ሰረዝ የሸፈነውን ለማሳየት የተዘጋጀች ናት። የእጅ ሥራና የጓሮ አትክልት ከልጅ ማሳደግ ጋር እንዴት አብረው እንደኖሩ፣ ወደ ሐርጌሳ ሲመጣ የትኛው አብሮን እንደተሻገረ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደቀረ እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

«ሙያ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ፊት አለው። ወንዱን «ባለሙያ» ስንል ሐኪም ወይም መካኒክ ማለታችን ነው። ሴቲቱን «ባለሙያ ናት» ስንል ግን ወጥ ማጣፈጧን፣ ፈትል ማቅጠኗን፣ ስፌት ማሳመሯን ነው። ለዚህኛው ሙያ ደመወዝ የለውም፤ ያለ እርሱ ግን ቤተሰቡ የሚለብሰውም ሆነ እንጀራ የሚያቀርብበት አልነበረውም።

ፈትልን እንውሰድ። ጥጡ ከገበያ ይገዛል ወይም ከቆላ ዘመድ ይላካል። ፍሬው በመዳመጫ ተዳምጦ ይወጣል፤ ጥጡ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየመሐሉ እየተነሡ ለሚሠሩት ወራት ይፈጃል። ሲጠራቀም ለሸማኔ ይሰጣል፤ ቤቱ የሚከፍለው የሽመናውን ዋጋ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ፈትል ወይዘሮዎች ሳይቀሩ የሚኮሩበት ሥራ ሲሆን፣ ያንኑ ፈትል ሸማ አድርጎ የሚያወጣው ሸማኔ ግን ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድበውን የሚገሥጽ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አንዱ ክር በሴት ወይዘሮ እጅ ክብር፣ በወንድ ሸማኔ እጅ ውርደት የሚሆንበትን ምክንያት እስካሁን በቅጡ ያስረዳን ሰው የለም።

ስፌት ደግሞ የራሱ ወቅት አለው። ስንደዶና አክርማ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ በመስከረም ሜዳው ሲያብብ ይለቀማል። ልጃገረዶች በቡድን ወጥተው ያመጡታል፤ ይደርቃል፤ የሚቀለመው ይቀለማል፤ ከዚያ በበጋው ወራት በወስፌ እየተወጋ ሰፌድ፣ ሌማት፣ መሶብ ይሆናል። ጓሮውም እንዲሁ በወቅት ይሄዳል። የሀበሻ ጎመን ትውልዱ የእኛው ደጋ ነው፤ ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ እናት ከገበያ እስከ ገበያ ባለው ጊዜ ቤቷን የምታስተዳድርበት ነበር። ከጎመኑ ጎን ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ኮሰረት ይኖራል፤ አጥሩ ጥግ ጌሾ ይቆማል። ባልየው የሚያርሰው ማሳ የግብርና የእህል ሲሆን ጓሮው የሴቲቱ ነው። አዲስ ተክል በመጣ ጊዜም መሞከሪያው ብዙውን ጊዜ ይኸው ጓሮ ነው። ድንችን ወደ አገራችን አስገባ የሚባለው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ነው፤ ዘመኑም የ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በርበሬም ቢሆን የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ዛሬ ይህን የሚያስታውስ የለም እንጂ።

እነዚህ ሁሉ ሥራዎች የሚጋሩት ጠባይ አለ። ልጅ ሲያለቅስ ይቀመጣሉ፤ ልጁ ሲተኛ ይነሣሉ። እንዝርት ከእጅ ቢወርድ አይበላሽም፤ ስፌት ዙሩ ሳያልቅ ቢቀመጥ ነገ ከዚያው ይቀጥላል፤ ጎመን ለመቅጠፍ ከቤት አይራቅም። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጁዲት ብራውን በ1970 ባወጡት አጭር ጽሑፍ ይህንኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ አሳይተዋል። በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ ለሴቶች የተተዉት ሥራዎች ሕፃንን አደጋ ላይ የማይጥሉ፣ ከቤት የማያርቁ፣ ተቋርጠው ሊቀጠሉ የሚችሉ ናቸው ነው የሚሉት። እናቶቻችን ይህን ሳያነቡት ያውቁታል። ዛሬ «ኑሮንና ቤተሰብን ማመጣጠን» የምንለውን እነርሱ ያደርጉት የነበረው ጊዜን ከፋፍለው አልነበረም። የሚቋረጥ ሥራ መርጠው ነው።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ለማስዋብ አይደለም። የማይቋረጥም፣ የማይቀርም ሥራ ነበር፤ ስሙ ወፍጮ ነው። በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተደፍታ ሌሊት የጀመረች ሴት ጎሕ ሲቀድ ለቤተሰቡ የዕለት ዱቄት ብታደርስ ነው። ውሃና እንጨት ደግሞ አለ። የሞተር ወፍጮ ወደየከተማውና ወደየገጠሩ መግባቱ ለሴቶች ጊዜ የሰጠውን ያህል ሌላ ምንም ነገር የሰጠ አይመስለንም። ሴት ልጅም ከዚህ ሁሉ ጀርባ ነበረች። እናት ፈትል እንድትፈትል ሕፃኑን የምታዝለው ታላቅ እኅት ናት። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 ሲከፈት፣ ልጃቸውን ለመላክ ያመነቱት ወላጆች ሁሉ ትምህርት የጠሉ አልነበሩም፤ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ስለሚጎድልበትም ነበር።

ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እኛ መንገድ እንምጣ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በ1855 መጀመሪያ ሐረር ሲገባ በጣም ከማረኩት ነገሮች አንዱ በእጅ የተፈተለውና በእጅ የተሸመነው የሐረር ሸማ ነው። ከአውሮፓ ፋብሪካዎች ጨርቅ ይልቅ ውበትም ጥንካሬም አለው ብሎ ጽፏል። ያ ሸማ ወደ ሶማሌ ጠረፍ ይወርድ ነበርና፣ በዛሬይቱ ሶማሌላንድ ምድር የሐረር ሴቶች የእጅ ሥራ ከእኛ ብዙ ዘመን ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። በግንብ ውስጥ ያሉት የሐረሪ ሴቶች ደግሞ ስፌታቸውን በሳሎናቸው ግድግዳ ላይ በረድፍ ይሰቅሉታል። የዘመድ ሠርግ፣ የእናት ስጦታ፣ የራስዋ የልጅነት ሥራ ሁሉም በቦታው አለ። የቤቱን ታሪክ ግድግዳው ላይ ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ከቃለ ጉባዔ ይሻላል። የሐረር ጁገል በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እነዚህ ቤቶችም አብረው ታወቁ።

ከዚያ ባቡር መጣ። ድሬዳዋ በ1902 በሐዲዱ ምክንያት ስትቆረቆር፣ አቡጀዲውም የፋብሪካው ክርም በርካሽ ገባ፤ በ1930ዎቹ የጃፓን ጨርቅ ገበያውን ሞላው። ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር መጠቀም ጀመሩ፤ የእናቶች ፈትል ለማጉ ብቻ ቀረ። እንግዲህ የእጅ ፈትል በአንድ ጊዜ አልሞተም፤ መጀመሪያ ግማሹን አጣ። በምትኩ በከተሞች ሌላ የእጅ ሥራ ተተካ፤ እርሱም ዳንቴል ነው። ጥልፍና ኪሮሽ በትምህርት ቤትና በሚስዮን የተማሩ ሴቶች ለጎረቤት አስተማሩ። ራዲዮው፣ ጠረጴዛው፣ የሶፋው ክንድ፣ በኋላም ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ዳንቴል ለበሰ። ዛሬ ወጣቶች ይስቁበታል። ነገር ግን ዳንቴል ከፈትል ይልቅ የሚቋረጥ፣ በቦርሳ የሚያዝ፣ ወቅት የማይጠብቅ ሥራ እንደነበረ ልብ ማለት ይገባል። ለመሰደድ የተመቸ የእጅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ሐርጌሳን በተመለከተ ጥቂት እናስታውስ። እንግሊዞች በ1941 ግዛቱን ከጣሊያን ሲመልሱ ዋና ከተማውን ከበርበራ ወደዚህ አዛወሩ። ሰኔ 26 ቀን 1960 ነፃነት፣ ከአምስት ቀን በኋላም ከደቡቡ ጋር ውሕደት ሆነ። በ1988 ከተማው በራሱ መንግሥት ጦር በአየርና በመድፍ ተደብድቦ ፈረሰ። ሕዝቡ ወደ እኛ አገር ሸሸ። ሐርታ ሼክ፣ ደርወናጂ፣ ተፈሪ በር የመጠለያ ጣቢያ ሆኑ፤ ሐርታ ሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ እስከ መባል ደርሶ ነበር። ውሃ በቦቴ ተጭኖ ይመጣላቸው ነበር። ግንቦት 18 ቀን 1991 ሶማሌላንድ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ፍርስራሹ ተመለሰ፤ ሐርታ ሼክም በ2004 ተዘጋ። ከእኛ ወገን ብዙዎቹ ለንግድ፣ ለግንባታ ሥራ፣ ወይም በስደት የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ እዚህ አከራያችን የሆኑት ኤዶ በጃሪካን ውሃ ቆጥቦ ቤት ማስተዳደርን ከእኛ ቀድመው፣ በእኛው ምድር ላይ የተማሩ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዶቹም በአማርኛ ሲመልሱልን የሚያስደነግጡን በዚህ ምክንያት ነው።

የሶማሌ እናቶች የእጅ ሙያም ከእኛው ጋር ሲነጻጸር ትምህርት አለው። አርብቶ አደሩ የሚኖርበት አቃል የሚባለው ተነቃይ ጎጆ ምንጣፉም ሽፋኑም በሴቶች እጅ የተሠራ ነው፤ የሚተክሉትም የሚነቅሉትም እነርሱ ናቸው። ሐን የተባለው የወተት ዕቃ ከዕፅ ቃጫ ተፈትሎ የሚሰፋ ሲሆን በጢስ ይታጠናል። የእኛም እናቶች የወተት ዕቃን በወይራ ያጥናሉ። የቤቱን ግድግዳ ራስዋ ሠርታ በግመል ጭና የምትሄድ ሴት ፊት «የእኛ መሶብ» ብሎ መኩራራት ትንሽ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ጓሯችን። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከሐረር በ500 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ዝናቧም በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በ1970ዎቹ ቻይናውያን ከሠሩት ከጌድ ደብሌ ነው። ከተማው ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍቷልና ውሃው ለሁሉም አይደርስም፤ ቀሪው በቦቴና በአህያ ጋሪ ይገዛል። በዋጋ የተገዛ ውሃ ጎመን ላይ ሲፈስ ባል ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። በሒሳብ ብቻ ከሄድን አትክልት ከገበያ መግዛት ይሻላል። ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ አብዛኛው በውጫሌ በኩል ከኢትዮጵያ በጭነት መኪና ይገባል፤ ጋቢሌና አረብሲዮ አካባቢ የሚመረተውም አለ።

ነገር ግን ርካሹ አትክልትም ዋጋ ያስከፈለው ሌላ ቦታ አለ። የሐረርጌ ሸለቆዎች ለጅቡቲና ለሶማሌላንድ ገበያ ድንችና ሽንኩርት፣ ከዚያም በላይ ጫት ሲያመርቱ ውሃውን በፓምፕ የሳቡት ከሐረማያ ሐይቅና ከዙሪያው ጉድጓዶች ነው። ሐረር ከተማም ትጠጣው ነበር። ደለሉም ተጨምሮበት ሐይቁ በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ መቋጠሩ ደስ የሚያሰኝ ዜና ነው። ስለ ሐይቁ መድረቅ በሐርጌሳ ቡና ላይ ስናዝን የቆየነው ሰዎች ከሐይቁ የበላነውም ነን።

እዚህ ቤተሰቦች ዘንድ የዳበረው መፍትሔ ቀላል ነው፤ ውሃን ሁለት ጊዜ መጠቀም። አትክልት የታጠበበት፣ ሩዝና ምስር የተለቀለቀበት ውሃ ሳሙና ካልነካው ወደ ጎመኑ ይሄዳል። የልብስ እጥበት የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ለግቢው ዛፍ ይሆናል፤ ለቅጠላ ቅጠል ግን ባይሰጥ ይመረጣል። አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አይዝም፤ የፍየል ፍግ ደግሞ በዚህ አገር ሞልቷል። ጎመን ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል። ስለዚህ የደጋውን የክረምት ልማድ ትቶ፣ ብርዱ በሚገባበት በኅዳርና በታኅሣሥ እንዲደርስ መዝራት ይሻላል። ቀትር ላይ ጥላ ጨርቅ መዘርጋትም ይረዳል። ጌሾ ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ የአገሩ ሕግ መጠጥን ይከለክላልና።

ጓሮው ሲሳይ ባይሆንም የሚያገለግለው ብዙ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ደግሞም በዐቢይ ጾም 55 ቀን ለሚጾሙት ቤተሰቦች ጎመኑ ወጥ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችን በረመዳን ለሾርባውና ለሳምቡሳው ድንብላሉ ከደጅ ይቀነጠሳል። ጤና አዳሙ ለቡናም፣ ሆዱን ለታመመ ልጅም አለ። ከሁሉ በላይ ግን የልጆች ሥራ ነው። ሴት ልጅ ብቻ ሳትሆን ወንዱም የሚያጠጣበት ቤት እየበዛ መጥቷል፤ ምናልባት ከስደት ያገኘነው አንዱ በጎ ነገር ይህ ነው። እናት በሰው ቤት ወይም በምግብ ቤት ውላ ስትመለስ፣ አባት በግንባታ ላይ ሲያመሽ፣ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የሚገባው ልጅ ነውና ጃሪካኑን ያነሣል። በደጋው ቤት «የወንድ ሥራ አይደለም» ይባል የነበረው እዚህ ሰሚ አላገኘም።

የእጅ ሥራውስ? እዚህ ላይ ሳናለባብስ መናገር አለብን፤ ፈትል ቀርቷል። ጥጡ ከመጣ የሚፈትሉ እናቶች አሉ፤ ነገር ግን ፈትሉን የሚሸምን ሸማኔ በአቅራቢያ የለም፤ ሽሮ ሜዳ ያለቀለት ጋቢ በአውቶቡስ ይመጣል። ስፌትም እንዲሁ እየቀረ ነው። እንቅፋቱ ጊዜ ማጣት ብቻ አይደለም። ስንደዶ የሚለቀምበት ሜዳ የለም፤ ከአገር ካልተላከ አይገኝም። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሩ ለሰው ሲዘጋ፣ ለጥቂት ቤቶች በዘመድ እጅ ይመጣ የነበረው እስር እንኳ ቆመ። ደግሞም ስፌት የብቻ ሥራ አልነበረም። ሴቶች ቡና ላይ ተሰብስበው እያወጉ የሚሰፉት ነበር፤ እዚህ የሥራ ሰዓታችን ስለማይገጥም ያ ስብስብ ከዕረፍት ቀን በቀር የለም። ስለዚህ ብቻውን የሚቋረጠው ሥራ ሲሻገር፣ ወቅትንና ባልንጀራን የሚሻው ቀረ። ዳንቴልና ጥልፍ አሉ። እንጀራ መጋገር ከቤት ሙያነት ወደ ገቢ ምንጭነት ተለወጠ፤ ጤፉ ከአገር እስከመጣ ድረስ ምጣዱ ቤት ያከራያል፣ ልጅ ያስተምራል። ግን ምጣድ እንደ እንዝርት አይደለም፤ ከተጣደ አይቋረጥም፤ ሕፃን ላለባት እናት ከባድ ነው፤ ጭሱም አለ። በአዲስ አበባ ከ2000ዎቹ ጀምሮ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡት እኅቶቻችንም ጓሯቸው በረንዳ ላይ የተደረደረ ጣሳ ሆኗልና፣ ይህ ለውጥ የስደተኛ ብቻ ዕጣ አለመሆኑን እንረዳለን።

በተከራይነት የሚኖር ሰው ዛፍ አይተክልም ይባላል። በእኛ ቤቶችም መሬት ላይ የሚተከለው ጎመንና ቆስጣ ብቻ ነው፤ በሁለትና በሦስት ወር ይደርሳል፣ ቢቀርም አይቆጭም። ለዓመታት የሚቆየው ጤና አዳምና ኮሰረት ግን በዘይት ጣሳና በተቆረጠ ጃሪካን ውስጥ ነው የሚያድገው፤ ከሥሩ በምስማር የተበሳሳ፣ ጠጠር የተነጠፈበት። ኪራይ ተጨምሮ ወይም አከራይ ቤቱን ፈልጎ መልቀቅ ሲመጣ፣ አልጋውና ምጣዱ፣ ቁም ሣጥኑና የልጆች ደብተር መኪናው ላይ ከተደረደሩ በኋላ፣ ጣሳዎቹ እንዳይደፉ በመጨረሻ ይጫናሉ፤ አዲሱ ቤት ሲደረስም ቀድመው የሚወርዱት እነርሱ ናቸው።